ጣሪያው፣ ግድግዳውና ምድጃው፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የሕንፃዎች የኃይል ቁጠባ፣ የሕዝብ አቅምና የአየር ንብረት ግቦች» ይላል። ርእሱ ሲነበብ ፎቅ ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፈ ይመስላል። ከጉና ግርጌ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ የማይደርስ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ወደዚህ አገር ኑሮ ስንመልሰው ሦስት ጥያቄዎች ሆነው አገኘናቸው። በደጋ ቤት ስንሠራ ሙቀቱን የሚይዝልን ምንድን ነው? ሙቀቱን ላልያዘው ቤት ምን ያህል እንጨትና ኩበት እናቃጥላለን? ወጪውንስ የሚሸከመው ማን ነው?

ስለ ሕጉ አስቀድመን ጥቂት እንበል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በዋናነት ይመለከት የነበረው የከተማ ሕንፃዎችን ነው። በላይ ጋይንት ቀበሌ ጎጆ የሚቀልስን ገበሬ ስለ ጣሪያው ውፍረት የሚጠይቀው ሹም የለም። እንዲጠየቅም አንመኝም፤ ባለው አቅም የሠራውን ቤት በወረቀት ማስጨነቅ አይገባም። ነገር ግን ሕግ በሌለበት ቦታ ሕግን የሚተካ ነገር አለ፤ እርሱም አርአያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሲለብስ ሰፈሩ ቆርቆሮ ይለብሳል። የሰንበቴው ቤት በብሎኬት ሲሠራ አቅም ያለው ምእመን በብሎኬት ይሠራል። በገጠር የሕንፃ ፖሊሲ የሚወጣው በሰበካ ጉባኤው የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ላይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ይህን ንግግር ለእናንተ ማቅረባችንም ስለዚህ ነው።

ከጣሪያው እንጀምር። ቆርቆሮ ለምን እንደ ተመረጠ እናውቃለን። የሣር ክዳን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይሻል። የክዳን ሣር የሚበቅልበት ሜዳ ታርሷል፤ ያልታረሰውም በከብት ተግጧል። ጓሳ ፍለጋ ወደ ጉና አቀበት መውጣት የቀናት ድካም ነው። እሳቱም፣ አይጡም፣ የክረምቱ ፍሳሽም አለ። በቆርቆሮ ቤት መኖር ክብር መሆኑንም መካድ አይገባም። ስለዚህ ወደ ሣር ክዳን ተመለሱ ለማለት አልመጣንም።

ይሁን እንጂ ሣሩ ሳንቆጥርለት የሚሠራው አንድ ሥራ ነበረ። ስንዝር የሚያህል ውፍረት ያለው ክዳን በጭራዎቹ መካከል አየር አምቆ ይይዛል፤ የታመቀ አየር ደግሞ ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ማታ የተቆሰቆሰው እሳት ሙቀት እስከ ሌሊቱ እኩሌታ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነበር። የቆርቆሮ ውፍረት ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀን ፀሐይ ሲያርፍበት ይግላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከውጭው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ነፋሱን ስሟ ራሱ ይመሰክራል። በእንዲህ ያለ ቦታ ባዶ ቆርቆሮ ለዝናቡ መከለያ ሲሆን ለብርዱ ግን ክፍት በር ነው። ሰው የሚያድርበት ቤት ብቻ አይደለም። የብራና መጻሕፍት የሚቀመጡበት ዕቃ ቤትም ቀን እየጋለ ሌሊት እየረጠበ ቢኖር ብራናው ይኮማተራል፣ ይሻግታልም።

ጭሱም ሌላ ነገር ነው። በሣር ቤት ጭስ በክዳኑ ውስጥ እየተጣራ ይወጣ ነበር፤ ሲወጣም ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቀው ነበር። በቆርቆሮ ቤት ያው ምድጃ ያንኑ ጭስ ሲያወጣ መውጫ ያጣል። ጣሪያውን ስንለውጥ ምድጃውን ስላልለወጥን ቤቱ በአንድ በኩል ሲሻሻል በሌላ በኩል ከፋ። ይህን የሚያውቁት ከሁሉ ይልቅ እናቶች ናቸው፤ ዐይናቸውን የሚያሻቸው እነርሱን ነውና።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማድረግ ነው። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ተረብርቦ፣ በላዩ ጆንያ ተዘርግቶ፣ ጭድ በጭቃ ተለውሶ በስሱ ቢለሰንበት በቆርቆሮውና በቤቱ መካከል አየር ይታመቃል። ሣሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ይህ ንጣፍ ይሠራዋል። ጭዱ ከደጋው ገብስ አውድማ ይገኛል፤ ጭቃ መርገጥንና መለሰንን የማያውቅ ሰው በዚህ አገር የለም። ሦስት ነገሮችን ግን አደራ እንላለን። ንጣፉ ከባድ እንዳይሆን፣ አውታሩም እንዲችለው አናጢ አስቀድሞ ይየው። እሳት በሚነድድበት ማድ ቤት ላይ ይህ አይሠራ፤ ለማድ ቤት የሚያስፈልገው የጭስ መውጫ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ቤትም ጭድና ሽቦ አይነካኩ።

ይህ አሠራር ለዚህ ሀገረ ስብከት እንግዳ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችውን የጋይንቷን ቤተ ልሔም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ፓከንሃም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎብኝቶ ለውጭው ዓለም የተረከላት፣ ከውጭ ስትታይ እንደ ሌሎች አጥቢያዎች ክብና ሣር ክዳን ስለነበረች ሳይሆን ከውስጧ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ እጅግ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ስለ ተገኘ ነው። የኋለኞቹ አባቶች ነባሩን አላፈረሱም፤ በላዩ ሌላ ቤት ደረቡለት። ዛሬ በአውሮፓ ከተሞች መሐንዲሶች ነባር ሕንፃዎችን ሳያፈርሱ ልብስ እንደ መደረብ አድርገው ከብርድ የሚጠብቁበት ዘዴ በሐሳቡ ከዚህ የተለየ አይደለም። አሁን ግን በየአጥቢያው ስንዘዋወር የምንሰማው «አፍርሰን እንሥራ» የሚለውን ነው። አፍርሶ መሥራት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ግድግዳው የዘመመን ቤት ኮርኒስ አያድነውም። ጤነኛውን ግድግዳ ግን ለምን እናፈርሳለን?

ስለ አዲስ ሕንፃም ይህንኑ አሳብ ይዘን ጥቂት እንጨምር። ሲሚንቶ ሲመረት የሚወጣው ጋዝ ከዓለም የካርቦን ልቀት 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር ነው ብትሉ የጫኝና የአውራጅ ዋጋውን አስቡ፤ ከፋብሪካ እስከ ወገዳ ወይም እስከ አርብ ገበያ ድረስ የሚመጣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ በየኬላው ዋጋው ይጨምራል። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይመልሳል፤ ስስ ብሎኬት እንዲህ አያደርግም። ሲሚንቶው ለመሠረቱና ለማሰሪያው ይዋል። የቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ በሥርዓት የተወሰነ ነው፤ የሰንበቴ ቤት፣ የመምህራን ማደሪያና የትምህርት ክፍል ግን መስኮታቸው ወደ ደቡብ ቢዞር በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀኑን ሙሉ ትገባላቸዋለች። ይህ ምንም አያስወጣም። መሠረት ከመጣሉ በፊት መወሰን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ነገሩ አስቸኳይ የሆነበትም ምክንያት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ንፋስ መውጫና ከዚያም ወዲህ ድረስ በደረሰ ጊዜ የፈረሰውና የተዘረፈው ብዙ ነው፤ የጸጥታው ችግርም ከዚያ በኋላ አልቀረም። ወደፊት የሚጠገነው ቤት ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ይቆማል። ዛሬ ያለ ኮርኒስና ያለ ጭስ መውጫ የተሠራ ቤት ለልጅ ልጅ ብርድና ጭስ ያወርሳል።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ፤ በዚህ አገር የሕንፃ ኃይል ማለት ከሁሉ በላይ ምድጃ ነውና። በእኛ አገር ቤት ውስጥ ከሚነድደው ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድደው እሳት ከምጣዱ ይልቅ ነፋሱን ያሞቃል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተሻሽሎ የወጣው፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፈው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የሚባለው ምድጃ አለ። ከመሬት የራቀ ነገር የለበትም፤ ሁለቱም በገበያ የሚሸጡ ናቸው።

በጋይንትና በስማዳ ደጋ እንጨቱ እያለቀ ሲሄድ ምድጃው ወደ ኩበት ዞሯል። የተቃጠለ ኩበት ለማሳው ያልደረሰ ፍግ ነው። የስማዳ ገበሬ ማዳበሪያ ተወደደብኝ ሲል፣ ከደጁ የነደደውን ማዳበሪያ ማንም አይቆጥርበትም። ጭሱ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አስልቶታል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሕፃናት ብዙ ናቸው።

መንግሥት ይህን አላየውም አንልም። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በፍጥነት እንዲሠሩ ከመረጣቸው አራት ጉዳዮች አንዱ የገጠር ምድጃ ነበር። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ባሻሻለችው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ልቀቷ ሊደርስበት ይችል ከነበረው በ68.8 በመቶ እንዲያንስ ለማድረግ አቅዳለች፤ አብዛኛው ግን የውጭ ድጋፍ ሲገኝ የሚፈጸም ነው። ዕቅዱ መልካም ነው። የምንሰጋው ቆጠራውን ነው። ምድጃ ሲታደል የታደለው ይቆጠራል እንጂ የነደደው አይቆጠርም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በምድጃ ፕሮጀክቶች ስም በዓለም ገበያ የተሸጠው የካርቦን ቁጠባ ከእውነተኛው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ተጋንኖ ተገኝቷል። እናቶች የማይጠቀሙበት ምድጃ የዶሮ ማደሪያ ሲሆን ያላየ ሰው የለም። ምጣዳቸው ካልገጠመበት፣ አክንባሎው ካልተመቸ፣ ሲሰነጠቅ የሚጠግን ካልተገኘ እንዴት ይጠቀሙበታል? ስለዚህ ምድጃ ከመገዛቱ በፊት ጋጋሪዎቹ ይጠየቁ። በኮሚቴው ውስጥ ምጣድ ያሰማች አንዲት ሴት እንኳ ከሌለች ስለ ምድጃ መወሰኑ ይቆይ።

አጥቢያው ራሱ ትልቅ ማገዶ ፈጂ መሆኑን እንመን። የወርኃዊው ማኅበር፣ የሰንበቴው፣ የዓመቱ ክብረ በዓል ድግስ፣ የደጀ ሰላሙ ምግብ፣ የጠላው ጥንስስ ሁሉ በእንጨት ነው። ኅብስቱ የሚጋገርበት ቤተ ልሔምም አለ። ስለ ቤተ ልሔሙ ሥርዓት የምንናገረው የለንም፤ እርሱ የአባቶች ነው። የምንናገረው ዲያቆኑ በሌሊት የሚተነፍሰው ጭስ ስለሚወጣበት ቀዳዳ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ እንጨት ከየት ይመጣል? ከባሕር ዛፉ ይምጣ እንበል። እጥረት ሲመጣ ግን ዐይን ወደ ቅጥሩ ውስጥ ይዞራል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ለዓመታት ባካሄዱት ጥናት እንዳሳዩት፣ በዚህ ዞን ከተረፈው የአገር በቀል ደን ብዙው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ማኅበረሰቡ ከማሳው ለቅሞ በሚያመጣው ድንጋይ ደኑን የማጠር ሥራም ከዚያ ተስፋፍቷል። ወይራውና ጥዱ በድንጋይ አጥር ተጠብቀዋል። አጥሩ ከከብት ያድናቸዋል፤ ከድግሱ ምድጃ የሚያድናቸው ግን ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ነው። ስለ ደን ጥበቃ በዐውደ ምሕረት እያስተማርን በሰንበቴው ቤት በሦስት ጉልቻ ማንደድ አያስኬድም።

ስለ አብነት ተማሪዎች ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ቤተ ልሔም ለድጓው፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕቱ ማስመስከሪያ በመሆናቸው ከሩቅ አገር የሚመጡ ልጆች በዚህ ብርድ ያድራሉ። ጎጆአቸውን ራሳቸው ይቀልሳሉ፣ በደበሎ ይጠቀለላሉ፣ የበሰለውን ከየደጁ ይለምናሉ። መከራውን መቻል የትምህርቱ አካል መሆኑን አባቶች ያስተምሩናል፤ እንቀበላለንም። በጎጆው ውስጥ በሚታፈን ጭስ ምክንያት ሳንባው የታመመ ደቀ መዝሙር ግን ዜማውን ማዜም አይችልም። የእነርሱ ጎጆ ግድግዳ ሽንቁሩ ቢመረግ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ቢበጅለት፣ ከነፋሱ በተቃራኒ በር ቢወጣለት የአንድ ቀን ደቦ እንጂ የበጀት ጉዳይ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው የሚወድቅ እንዳይኖር መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ለቤቱ ሠሪ በቤቱ ስለሚያድረው ነፍስ ኃላፊነት የሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ጭስንም በዚያው ዐይን እናየዋለን።

መብራት ስለ ደረሰባቸው ከተሞች፣ ስለ ንፋስ መውጫ፣ ስለ መካነ ኢየሱስና ስለ መሰሎቻቸው ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይላችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚገኝ ነው፤ ሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ እንደ ሌላው ዓለም ሶኬቱ ላይ የሚያሳስበን ጭስ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው። ታሪፉ በ2011 ዓ.ም. ሲሻሻል በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ለሚጠቀሙ ቤተሰቦች ዋጋው አልተነካም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ የሚስተካከል አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ በዝቅተኛው እርከን ውስጥ መቆየት ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።

እስቲ አንድ ቤት እናስላ። ባለ 60 ዋት አራት አምፖሎች በቀን አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ባለ 3,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በአራት ሳምንት 28 ይሆናል። ድምሩ 64 ነው፤ ከ50 አልፏል። አምፖሎቹ በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢተኩ መብራቱ 5.4 ብቻ ይሆንና ድምሩ ከ34 በታች ይወርዳል። ያው ብርሃን፣ ያው እንጀራ። ምንም አዲስ ነገር ያልገባበት ቤት እርከኑን ወርዶ ይቀመጣል። መንግሥት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን በሚሊዮን ቆጥሮ ለሕዝብ ያደለው ይህንኑ አስልቶ ነበር፤ አዲስ ማመንጫ ከመገንባት ይልቅ አምፖል መለወጥ ይረክሳልና። መብራት ገና ላልደረሰባቸው አጥቢያዎች ደግሞ ፀሐይ ኃይል ከመገዛቱ በፊት ይኸው ይታሰብ፤ ፍጆታው ትንሽ ለሆነ ቤት የሚበቃው ሰሌዳም ትንሽ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ወጪው ነው። ሕንፃዎች ከጠቅላላው ኃይል 40 በመቶ ያህሉን በሚፈጁበት በአውሮፓ ኅብረት በ2016 ዓ.ም. የተሻሻለው የሕንፃ ሕግ ሲወጣ ከሁሉ ያከራከረው የማሻሻያውን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ነበር። ደሃው ቤቱን አሻሽል ቢባል ከየት አምጥቶ? በእኛም ዘንድ ያው ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት የምድጃውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማውጣት አትችልም፤ ማገዶውን ግን በየቀኑ በጀርባዋ ትከፍላለች። ውድ የሆነው የሁለተኛው ነው፤ የሚቻለው ግን እርሱ ብቻ ሆኖባታል። የእኛ አሳብ ይህ ነው። በነፍስ ወከፍ መዋጮ አይጣል። አጥቢያው አስቀድሞ የራሱን ቤቶች፣ ሰንበቴውን፣ ደጀ ሰላሙን፣ የተማሪዎቹን ጎጆ ያሻሽል። ከማገዶ ግዢ የተረፈው ገንዘብ በተለየ መዝገብ ተይዞ ለአቅመ ደካሞች ምድጃ ይዋል፤ የሚችለው ምእመን በዱቤ ወስዶ በመከር ይክፈል። ይህ ያላማረው ኮሚቴ የተሻለ መንገድ ካለው እንሰማለን፤ አንድ ነገር ላይ ግን ጸንተን እንቆማለን፤ ድሃውን የሚያስከፍል የአየር ንብረት ሥራ በዚህ ኮሚሽን ስም አይሠራም።

እንግዲህ ከእናንተ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ከሚመጣው ሰንበት ጀምሮ ለአራት ሰንበታት በሰንበቴው ቤት የሚነድደው እንጨት በሚዛን ይመዘንና ይጻፍ፤ ሚዛን ያላችሁ በኪሎ፣ የሌላችሁ በሸክም ቁጥር። ምድጃው ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ሌላ አራት ሰንበታት ይመዘን። የሕንፃ ዕቅድ ያላቸው አጥቢያዎች ከቀለሙና ከጉልላቱ ጌጥ በፊት ኮርኒሱንና የጭስ መውጫውን በዋጋ ግምቱ ላይ ያስፍሩ። የሁለቱንም ጽሑፍ በወረዳ ቤተ ክህነት በኩል ብትልኩልን፣ የእስቴው ለስማዳው፣ የስማዳው ለጋይንቱ እንዲደርስ በዚሁ ጋዜጣ እናወጣዋለን። የልተሳካውንም ጻፉልን፤ የተሰነጠቀው ምድጃ ለምን እንደ ተሰነጠቀ ማወቅ ለሚቀጥለው አጥቢያ ይጠቅመዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።